ሞተሩ ችኩል አይወድም

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ። ያላመነ ሄዶ ጎሚስታውን ይጠይቅ፤ ጎማ ሲነፋ ያገኘዋል።

ጎሚስታው ሲፈጥረው ችኩል ነበር። ሻይ ሳይበርድ እየጨለጠ ምላሱ እንዳለቀ ጎማ ልሙጥ ሆኗል። ከሥራ ሲወጣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ፊት ለፊት ያለው ጌም ቤት ይገባና ኮምፒውተሩ ላይ የጦር ጄት ያበራል። የዘንድሮውን ጄት እንዳይመስላችሁ፤ ጄት የሚባል ነገር ገና ሲፈለሰፍ የተሠራውን፣ ሞተሩ እንደ አማት የሚኮራውን ነው። ጌሙ ደግሞ ቁርጥ እውነተኛው ነው፤ ነዳጁን በአንዴ ከለቀቁበት ሞተሩ እሳት ተፍቶ ቀጥ ይላል። ጎሚስታው የነዳጁን እጀታ የመኪና ማንሻ ክሪክ የሚመታ ይመስል ይደቁሰዋል። በአንድ ሳምንት የአንድ አየር ኃይል ጄት አቃጥሎ ጨረሰ።

የጌም ቤቱ ባለቤት ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ስትታዘበው ከረመች። አንድ ቀን መጥታ ግራሶ የጠጣ እጁ ላይ እጇን ጫነችበት።

«ቀስ። ይሄ ሞተር ችኩል አይወድም።»

«ጎማ እንዲህ አይኮራም።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ሲሄድ ግን አላየሁም።»

ሳቀች። እጀታውን አብረው ገፉት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዘፈነ። እጇን ለማንሳት አልቸኮለችም። ጎሚስታው ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ታጥቦ መምጣት ጀመረ።

ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን በሁለት ኮምፒውተር በረሩ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ጠባቂዋ ሆኖ ከኋላ። «ላግባሽ» ሊላት ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሷል፤ ግን የገዛ ችኩልነቱን ፈራው። ቀስ፣ ይላል ለራሱ። ሞተሩ ይሙቅ። ጄቶቹን ባሳረፉ ቁጥር እሷ እሱን ታየዋለች፤ እሱ ስክሪኑን ያያል።

«የሰፈሩ ፋርማሲስት እኛ ቤት መመላለስ አብዝቷል» አለችው አንድ ቀን።

«ምነው፣ አባትሽን አመማቸው እንዴ?»

«ደህና ናቸው» አለችና ማዳመጫዋን አጠለቀች።

በመጨረሻ ቆርጦ መጣ። ዛሬ ስናርፍ እነግራታለሁ አለ። አየር ላይ ሳሉ ሁለት የጠላት ጄቶች ከኋላዋ ገቡ።

«ድረስልኝ» አለችው።

እጀታውን ገፋ፤ እንዳስተማረችው፣ በስሱ፣ ሞተሩን እያባበለ። ሲደርስ ሰማዩ ላይ የቀረው ጭሷ ብቻ ነበር።

ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ፋርማሲስቱ ላግባሽ ብሎኝ ነበር። ትናንት እሺ አልኩት።»

ጎሚስታው አየሩ የወጣ ጎማ መሰለ።

«እኔኮ... ዛሬ ስናርፍ ልነግርሽ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ ስናርፍ አልነበር?»

«ቀስ በል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ለሞተሩ ነው ያልኩህ። እኔ ሞተር ነኝ?»

ተነስታ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ጎሚስታው ዛሬም ይመጣል። ከባንኮኒው ኋላ አሁን አባቷ ናቸው። ጄቱን ያስነሳና እጀታውን በአንዴ እስከ ጥጉ ይገፋዋል። ሞተሩ ይነድዳል፣ ጄቱ ይወድቃል፤ እንደገና ያስነሳል።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ» ይሉታል አባቷ።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። አንዷን ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ በሩ ላይ ዞር አላለችም።