ከእኔ ቀድሞ የሚያነብለት

ውሸታም ነህ የሚለኝ ካለ አልቀየመውም። ውሸታም ነኝ። እንዲያውም ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከውሸቴ ነው።

ይሄኛው ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

እንደ ፈረንጆች 1998፣ ጥር ወር። ቀኑ ማክሰኞ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ቦታው አርሊንግተን፣ ቴክሳስ፣ የኩላሊት እጥበት የሚሰጥበት አንድ ሕንፃ።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ጸሐይዋ በመስኮቱ ገብታለች፣ ነርሶቹ ይሳሳቃሉ፣ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ሰው ይፈራል ተብሎ የማይታሰብበት ሰዓት ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ...

መኳንንት እባላለሁ። ያን ጊዜ የኤርፖርት ታክሲ እነዳ ነበር። ጓደኛዬ ማኑሄም እንደዚያው። ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ፤ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ትቀመጣለህ። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ መንግሥት ይገለብጣል።

እኛ ደግሞ ፋንታሲ ሆኪ ገባንበት።

ያመጣብን አንድ ከሰሜን የመጣ ፈረንጅ ሾፌር ነው። ነገሩ ቀላል ነው። በበረዶ ላይ ሆኪ ከሚጫወቱት እውነተኛ ተጫዋቾች መሐል የራስህን ቡድን በወረቀት ትመርጣለህ። የመረጥከው ሰው ጎል ካገባ ነጥቡ ያንተ ነው። ካላገባ ባዶህን ትቀራለህ። ውጤቱ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አስር ሰዎች ነበርን፤ መዝጋቢው እኔ።

አብዛኞቻችን በረዶ የምናውቀው ከፍሪጅ ነው። ማኑሄ ግን አበደለት። የተጫዋቾቹ ስም ምላስ ስለሚያስር ራሱ ስም አወጣላቸው። አንዱ ቀዮ፣ አንዱ ዝምተኛው። ግብ ጠባቂውን ዘበኛው ይለዋል።

ቡድኑ ግን... ምን ልበላችሁ... ሦስት ዓመት ሙሉ የመጨረሻ ነው የወጣው።

እንዲህ የወረደ ሰው የገና በዓል ካለፈ በኋላ ይሰለቸዋል። አሰላለፍ መስጠት ይተዋል፣ ስሙን ስትጠራው ይሸሽሃል። ማኑሄ አንድ ሳምንት እንኳ ዘሎ አያውቅም። ስንስቅበት እሱም አብሮን ይስቅና "ቆይ፣ ነገ ቀዮ ይጫወታል" ይላል። ሁሌም ነገ የሚጫወትለት ሰው አለው።

ከዚያ የስኳር በሽታው ጠናበት። መጀመሪያ ዓይኑን ወሰደው። ቀጥሎ ኩላሊቱን።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አራት አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ስርጉት በማለዳ አድርሳው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ጋዜጣ ይዤ እደርስና አጠገቡ ተቀምጬ ውጤቱን አነብለታለሁ። ስንጨርስ ወደ ቤቱ አደርሰዋለሁ።

ለሐኪሙም አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ማኑሄ ታክሲ የሚነዳበት እንግሊዝኛ አለው፤ የሐኪም እንግሊዝኛ ግን የለውም።

ኅዳር ላይ ሐኪሙ ጠራን። ቃላቱን እየመረጠ ተናገረ። የማኑሄ ልብ ደክሟል። ኩላሊት ቢቀየርለት አይችለውም። ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ወጥቷል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ስርጉት ከሐኪሙ ጀርባ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች... አትንገረው ማለቷ ነው። እኔም ብሆን አልነግረውም ነበር። እኛ ጋ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። እንዲህ ነው ያደግነው።

"ምን አለ?" አለኝ ማኑሄ።

"ተራህ እየደረሰ ነው አለ። ትንሽ ታገስ።"

ማኑሄ ፈገግ አለ። ሐኪሙ ፈገግታውን ሲያይ ግራ ተጋብቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ነርሷ መርፌውን ልትሰካ ስትመጣ ማኑሄ እጁን ሰበሰበ።

"መኳንንት..."

"አቤት።"

"በቃኝ መሰለኝ። ማለቴ፣ ለምንድነው የምመጣው? እኔም ወረድኩ፣ ቡድኔም ወረደ።"

ደነገጥኩ። ማሽኑን ከተወ በሳምንት በአስር ቀን እንደሚሞት አውቃለሁ። ጋዜጣው እጄ ላይ ነው። የቀዮ ስም የለበትም፤ ጉልበቱ ተጎድቶ ለዓመቱ ከጨዋታ ውጭ ሆኗል።

"ቀዮ ሦስት አገባ እኮ" አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

"ስንት?"

"ሦስት።"

ከዚያ እጁን ለነርሷ ዘረጋላት።

በዚያው ቀጠልኩ። ዝምተኛው ሁለት። ዘበኛው አንድም አላስገባም። ማኑሄ ከአስረኛ ወደ ሰባተኛ ወጣ፣ ከሰባተኛ ወደ አራተኛ። ማክሰኞ ላይ ሆኖ ሐሙስን ይናፍቃል። ስርጉት ፓርኪንጉ ውስጥ እጄን ይዛ "መኩዬ፣ እንዳታቆም። ምግብ መብላት ጀምሯል። ሌሊት ይተኛል" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በሕይወት ያቆየሁ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ማክሰኞ...

ሁለት ሰዓት ላይ ጋዜጣዬን ይዤ ገባሁ። ማኑሄ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተቀምጧል። ማሽኑ ይዞራል።

"ደህና አደርክ?"

"ዛሬ ሁለቴ መጣህ" አለኝ።

"እንዴት ሁለቴ?"

"ቅድም አንብበህልኝ ሄድክ አይደል እንዴ?"

"ኧረ አሁን መድረሴ ነው።"

ራሱን ወደ ድምፄ አዘነበለ።

"ድምፅህ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ዝምተኛው ምንም አላገባም አልከኝ።"

ጋዜጣውን ገለጥኩ። ዝምተኛው ምንም አላገባም። እኔ ሁለት ብዬ ልዋሽ በመንገድ ላይ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።

"አንቀላፍተህ ነው። ሕልም ነው" አልኩት።

"ይሆናል።"

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ሞቆ ነበር።

ሐሙስ በአንድ ሰዓት ደረስኩ። በሩ ላይ ነርሷ አየችኝና ሳቀች። "ምን ረሳህ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። አለፍኳት። ምን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

ማኑሄ ኮቴዬን ሲሰማ ራሱን ወደ እኔ አዞረ።

"አሁን ወጣ" አለኝ።

"ማን?"

"አንተ።"

"ማኑሄ፣ ተው እንጂ..."

"ቀዮ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልተጫወተም አለኝ። ጉልበቱን ነው?"

ስለ ቀዮ ጉልበት የነገርኩት ሰው የለም። ስርጉት ሆኪ ኳስ ይሁን ብስክሌት አታውቅም። አብረውን ፋንታሲ የሚጫወቱት ልጆች አርሊንግተን ድረስ መጥተው አያውቁም።

"ማን ይሄን ነገረህ?" አልኩት።

"ነገርኩህ እኮ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ?" ወደ እኔ ጠጋ አለ። በሹክሹክታ ነው። "እሱ ሲያነብ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ያንተ ይንቀጠቀጣል።"

ቅዳሜ ከአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ደረስኩ። ማሽኑን ገና መጀመራቸው ነው። ማኑሄ እያለቀሰ ነው። ዓይኑ ባያይም እንባው አልተወውም።

"አስረኛ ነን አይደል?" አለኝ።

ወንበሬን ወደ እሱ ሳብኩ።

"ከኅዳር የቀረ ነገር አለ፣ እሱን ማክሰኞ አነብልሃለሁ ብሎኝ ሄደ። ኅዳር ላይ ምን ነበር መኳንንት?"

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅኩት። ሆኪውን ይወቅ፣ ግድ የለም። የሐኪሙን ቃል ከሰማ ግን እጁን ለማንም አይዘረጋም።

እሑድና ሰኞ አልሠራሁም። አልተኛሁም። ለስርጉት ሁሉንም ነገርኳት። አብደሃል አላለችኝም። "ማክሰኞ ከሥራ ኦፍ እወስዳለሁ፤ ሦስታችን አብረን እንሂድ" አለችኝ።

ማክሰኞ በእኔ መኪና ሄድን። ጋዜጣ አልገዛሁም፣ አልነካሁምም። ማኑሄን በክንዱ ይዤ አስገባሁት። ወንበሬ ላይ ከእሱ በፊት ተቀመጥኩ። እጁን አልለቀቅኩም። አሁን ማን ይቀድመኛል አልኩ በልቤ። ስርጉት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች።

አንድ ሰዓት... ምንም የለም።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነርሷ መጣች። መኪናህ የአምቡላንስ መንገድ ዘግቷል፣ አሁኑኑ አንሳ አለችኝ። በፓርኪንጉ መስመር ውስጥ ነበር ያቆምኩት። በዓይኔ አይቼ ነው ያቆምኩት።

"ሂድ፣ ትመጣለህ" አለኝ ማኑሄ።

ሮጥኩ። መኪናው ሞተሩ እየሠራ አምቡላንስ መግቢያው ላይ ቆሟል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

አንስቼ ሌላ ቦታ ፓርክ አደረግኩና ተመልሼ ሮጥኩ። አምስት ደቂቃ አይሆንም።

የማኑሄ መጋረጃ ተዘግቷል።

ከመጋረጃው ውስጥ ሰው ያነባል...

እኔ ነኝ።

የራሳችሁን ድምፅ በቴፕ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ነው። ያንተ ነው፣ ግን ያንተ አይመስልም። ሳይቸኩል፣ ሳይንቀጠቀጥ ያነባል።

"ቀዮ፣ ባዶ። ዝምተኛው፣ ባዶ። ዘበኛው፣ ስድስት ገባበት..."

ማኑሄ! ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ጉሮሮዬን ያዝኩ፣ ደጋግሜ ሞከርኩ። ትንፋሽ ብቻ። ድምፄ እዚያ ውስጥ ነው፣ እያነበበ ነው።

"ኅዳር። ሐኪሙ ያለው እንዲህ ነው። ልብህ ደክሟል። ኩላሊት ቢቀየርልህ አትችለውም። ከዝርዝሩ ወጥተሃል።"

ልክ ነው። እኔ ያኔ መተርጎም የነበረብኝ ቃል በቃል እንዲህ ነበር።

ጋዜጣ ሲታጠፍ ሰማሁ።

"...ማኑሄ!" አለ አፌ። ድምፄ ተመለሰልኝ። መጋረጃውን ገፈፍኩት።

ማንም የለም። ማኑሄ ብቻ። ፊቱ ተረጋግቷል፤ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ተረጋግቶ አይቼው አላውቅም።

"የትኛው ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"የሚነግረኝ ነህ የሚዋሸኝ?"

ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ።

"የምዋሽህ ነኝ።"

"እንግዲያው ና፣ ቁጭ በል።" እጁን ዳብሶ ራሴ ላይ አሳረፈው። "ዛሬ ስንት አገባን?"

"አምስት... ቀዮ ብቻውን ሦስት።"

"ዘበኛውስ?"

"አንድም አላስገባም።"

"ስንተኛ ሆንን?"

"አንደኛ።"

ሳቀ። የድሮ ሳቁን፣ ታክሲ ተራው ላይ የሚስቀውን። ከዚያ ሳቁን ጨርሶ ነርሷን ጠራት። ማሽኑን በእጁ አመለከታት።

"ኖ ሞር" አላት። "ፊኒሽ። ጎ ሆም።"

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ለመንኩት። እግሩን ይዤ ለመንኩት። ስለ ነገ ነገርኩት፣ ነገ ማን እንደሚጫወት ነገርኩት። እሱ ግን ነገን የሚሰማበትን ጆሮ ዘግቶት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ማሽኑ ላይ አልተቀመጠም። በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ይሄን ሁሉ ሰው ሊያስረዳኝ ሞክሯል። ሐዘን ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። ግን ያን ዕለት ከመጋረጃው ወጥቼ ለስርጉት ልነግራት ስሄድ ያየሁትን ማንም አላስረዳኝም።

ስርጉት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

"ስርጉቴ... ማኑሄ..."

"ነገርከኝ እኮ" አለች በሹክሹክታ።

"መቼ?"

"አሁን። በቃው ብለህ አቅፈኸኝ አለቀስክ፤ ከዚያ በዚያ በር ወጣህ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ነጭ ሹራብ ነበር የለበሰችው። ጀርባው ላይ፣ ሰው ሲያቅፍ እጁ በሚያርፍበት ቦታ፣ ሁለት ጥቁር መዳፎች ታትመዋል። ቀለሙ ጋዜጣ ሲያገላብጡ እጅ ላይ የሚቀረው ነው።

እጆቼን አየኋቸው። ንጹሕ ናቸው።

ቀስ ብዬ ቀኝ እጄን በቀኙ ምልክት ላይ አሳረፍኩት። ጣት በጣት ገጠመ። ስርጉት ሳትዞር "አሁንስ የትኛው ነህ?" አለችኝ።