ወደ መስኮት የዞሩ ወንበሮች

ሲስተርን ሞታ ያገኘቻት የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ አዋላጅ ነርሷ ከደረጃው ሥር ተዘርራለች፤ የነጭ ጋውኗ እጅጌ ከትከሻው ተተርትሯል። እንዲያው ወድቃ አይደለም፤ የያዛት ሰው ነበር።

ፖሊስ ላይኛውን ፎቅ አሸገ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ደግሞ አንድ መካኒክ አሰረ። የመካኒኩ እህት ከወር በፊት ፅንስ ስታቋርጥ ሞታለች፤ ጋዜጣውም «የሞት ክሊኒክ» በሚል ተከታታይ ዘገባው ገዳይዋ ሲስተር ናት ብሎ ጽፏል። ወንድምየው ጋዜጣውን ይዞ ደጃፏ ላይ ሲዝት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ነገሩ ያለቀለት መሰለ።

ለመርማሪዋ ግን አላለቀም። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ስሙ የወጣላት ለማሾፍ ነበር፣ እሷ ግን ተመችቷታል። በቅድሚያ ጽዳት ሠራተኛዋን አነጋገረች።

«እማማ፣ ትናንት ከሲስተር እንዴት ተለያዩ?»

«በሰላም ነዋ ልጄ። ማታ ልወጣ ስል ላይ ቤት ወንበሮቹን አዞርን። ፊት ለፊት ሲቀመጡ አንዷ ጎረቤቷን አይታ ስታለቅስ ዋለች። ‹ከእንግዲህ ሁሉም ወደ መስኮቱ ይዩ፣ ማንም ማንንም አይይ› አለችኝ።» እንባዋን በሽርጧ ጠረገች። «ለዛሬ ደግሞ ጋዜጠኞች ጠርታ ነበር። ያቺ የሞተችው ልጅ እዚህ ደጅ ረግጣ አታውቅም፣ ልትል።»

«ለጋዜጠኛ የነገሩት ነገር አለ?»

«ለጋዜጠኛ? ውሃ እንኳ አላቀብል!»

በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። እንደ ልማዱ ፊት የሌላት የነፍሰ ጡር ሆድ ፎቶ ለጥፏል፤ ያንኑ ፎቶ፣ ለስንተኛ ጊዜ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ በዚህ ጋዜጣ ግን እያደር ይጨልም ነበር። መርማሪዋ አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። «ሴቶቹ ወደ መስኮቱ በዞሩ ወንበሮች ላይ ሆነው ተራ ይጠብቃሉ» ይላል። ተነሥታ ወደ ዘጋቢው ሄደች።

«ክፍሉን አይተኸዋል?»

«ኧረ ከግቢው በር አላለፍኩም። ፖሊስ መች አስገባን?»

«በፊትስ?»

ዘጋቢው አንገቱን ደፋ። «በፊትም አልሄድኩም። እዚያ ሄዶ የጻፈ የለም። እኔ ‹በጨለማ ክፍል ተፋጠው ይጠብቃሉ› ብዬ ነው የሰጠሁት። ያስተካከለው አለቃዬ፣ ዋና አዘጋጁ ነው። ስህተት ካየ እጁ አያርፍም።»

ከሰዓት በኋላ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ዘጋቢውንና ዋና አዘጋጁን ክሊኒኩ ላይኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መካኒኩ እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ።

«መጀመሪያ ያንተን» አለችው። «እህትህ እዚህ አልመጣችም። አብራት የምትኖረው ልጅ ነግራኛለች። ‹ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ይይዛል› የሚለውን ጋዜጣ ላይ አንብባ ፈራች፤ ቤቱ መድኃኒት ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ሄደች። በር ላይ የቆመ ፖሊስ ኖሮ አያውቅም።»

መካኒኩ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ያሳዝን ነበር።

«አሁን ወንበሮቹ። የዞሩት ሲስተር በሞተችበት ማታ ነው። ጠዋት ፖሊስ አሽጎታል። ከሲስተርና ከእማማ ሌላ በመካከል ያያቸው ገዳዩ ብቻ ነው።» ወደ ዋና አዘጋጁ ዞረች። «ዓመት ሙሉ የሐሰቱን ዘገባ ሳያርሙ አሳለፉ። ይቺን ግን በዓይንዎ አይተዋታልና ማለፍ አቃተዎት።»

«ማረም ሥራዬ ነው!»

«ነው። የመጡት ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ለምን?»

ዋና አዘጋጁ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ። 

«ልጄ እዚህ ታክማ ነበር» አለ። «ሲስተር ናት ያዳነቻት። ጋዜጠኛ ፊት እንደምትናገር ስሰማ ልለምናት መጣሁ። ‹የማንንም ስም አላነሣም› አለችኝ። አላመንኳትም። እኔ ብሆን እጽፈው ነበር። ትታኝ ወደ ደረጃው ስትሄድ እጇን ያዝኩ፣ ታገለችኝ… አመለጠችኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከመካኒኩ እጅ ፈታ። ዋና አዘጋጁ ቀና ብሎ መርማሪዋን አያት።

«እባክሽ እህቴ፣ የልጄ ነገር እንዳይወጣ።»

«ከእኔ አይወጣም» አለችው። «ከሲስተርም አይወጣም ነበር።»