ድልድዩ ላይ የበራው መብራት

«ምንም መብራት አላየሁም በይ። በቃ፣ ሌላ አትጨምሪ» አላት አባቷ።

የትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። አባቷ አጠገቧ ነው፤ ድምፁ ግን ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ ሁሉም ድምፅ እንደዚያ ሆኖባታል። ሰው ሲያለቅስ ታያለች፤ እሷ ግን እንባዋ እምቢ ብሏል።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ አባዬ።»

«መብራት ነበረ ካልሽ፣ አይቶ እየሳቀ ሞት ውስጥ ገባ ነው የሚሉት። ቅብጥብጥ ነበር ይሉታል። የሞተ ሰው አፍ የለውም፤ አፉ አንቺ ነሽ።»

ወንድሟ ቅብጥብጥ አልነበረም። የከተማ ታክሲ ሹፌር ሆኖ መንገድ ለሰው መልቀቅ ስለሚያበዛ፣ ተራ ላይ ያሉት ጓደኞቹ «ይቅደሙ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። «ይቅደሙ፣ ዛሬስ ስንቱን አሳለፍክ?» ይሉታል። «እናንተ ቀድማችሁ የት ደረሳችሁ?» ብሎ ይመልስላቸዋል። በከተማው የታክሲ ሹፌሮች ዘንድ፣ ከፊት የመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ካደረገ «እለፍ፣ ለቅቄልሃለሁ» ማለት ነው። ሌላ ትርጉም አያውቁለትም።

የዚያን ቀን ወንድሟ አክስታቸው ዘንድ ሊያደርሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ነዳ። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ድልድይ ጋ ሲደርሱ፣ ከማዶ ቁልቁል የሚመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ብልጭ አደረገ።

«አየሽ ጨዋ ሰው? እለፍ እያለኝ እኮ ነው» አላት ወንድሟ። ለምስጋና እጁን አነሳና ድልድዩ ላይ ገባ። የጭነት መኪናው ግን አልቆመም፤ መሀል ላይ ተጋጩ።

የጭነት መኪናው ሹፌር አሁን ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። ብዙ ካመነታ በኋላ ተነሥቶ ወደ አባቷ መጣ።

«አባት፣ እግዜር ያጽናዎት።»

«እግዜርን ከአፍህ አውጣ።»

«መብራት ሰጥቼዋለሁ። ሲሚንቶ ጭኜ ቁልቁለት ላይ ነበርኩ፤ ፍሬን ብይዝም ቶሎ አይቆምልኝም። መጣሁብህ፣ እዚያው ቁም ነው ያልኩት። እኛ ረጅም መንገድ የምንሠራ ሰዎች የምናውቀው ይህንን ነው።»

«ታዲያ ልጄ ቁም እየተባለ የሚገባ እብድ ነበር?»

ሹፌሩ ኮፍያውን አየ። «እጁን አነሳልኝ» አለ ዝግ ብሎ። «ለምን እንዳነሳልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዓይኔን ስከድን እሱ ነው የሚታየኝ።»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ የሹፌሩን እጆች ተመለከተች። ልታዝንለት ሞከረች፤ አልመጣላትም። ልትጠላው ሞከረች፤ ጥላቻውም እምቢ አላት። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አላየሁም» ካለች ይህ ሰውዬ ይታሰራል፤ «አየሁ» ብላ ካቆመች ደግሞ ወንድሟ እንደ እብድ ይቆጠራል።

«የሟች እህት፣ ግቢ» ተባለች።

አባቷ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ያልኩሽን።»

የትራፊክ ፖሊሷ ወንበር አሳየቻት፤ በሩን ልትዘጋ ብድግ አለች።

«ክፍት ይሁንልኝ፣ እህቴ» አለች ልጅቷ። «እነሱም ይስሙ።»

ፖሊሷ ትንሽ አየቻትና ተመልሳ ተቀመጠች። «እሺ የኔ እመቤት። ከማዶ የመጣው መኪና መብራት አሳይቷል ወይስ አላሳየም?»

አባቷ ወደ በሩ ሲራመድ ኮቴውን ሰማች፤ አልዞረችም።

«አሳይቷል» አለች።

ፖሊሷ ጻፈችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ያንሱት» አለች ልጅቷ። «ገና አልጨረስኩም።»