አሥራ አንዱም በአንዴ

መጀመሪያ የተሰማው ጩኸት ነው፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ከካርድ ክፍሉ ጀመረ ሲባል ከመርፌ ክፍሉ፣ ከላቦራቶሪው፣ ከፎቁም መጣ። ቁስቋም አጠገብ ባለችው የግል ክሊኒክ ያሉት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ ስክሪናቸውም በቀይ ጽሑፍ ተዘጋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሪጌታ ኪዳነወልድ በመርፌ ክፍሉ አልጋ ላይ ሞቱ።

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ጥፋተኛ ተገኝታ ነበር። ነርስ መቅደላዊት ለመሪጌታ ፔኒሲሊን ወግታለች። ፔኒሲሊን ለእሳቸው መርዝ እንደሆነ ከሁለት ዓመት በፊት በኮምፒውተር ተመዝግቧል፤ ክሊኒኩ የወረቀት ካርድ ከተወ ቆይቷል። መቅደላዊት ዛሬውኑ ልትታሰር ነው፤ ፈቃዷም ሊነጠቅ።

«መዝገቡ አልከፈት አለኝ» አለች፣ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸሽጋ። «እሳቸው በትኩሳት ይቃዣሉ፤ ያመጧቸው ጎረቤቶች ምንም አያውቁ። አራት ከሩብ ላይ ለዶክተር እንግዳው ደወልሁ። ‹አውቃቸዋለሁ፤ ፔኒሲሊን ውጊያቸው› አለኝ።»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር እንግዳው መደወሏን አልካደም። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ በጓሮ በኩል ለብቻው መውጫ ስላለው መግባት መውጣቱን ያየ የለም።

«ቢሮዬ ነበርሁ። ስልኩን እንደያዝሁ መዝገባቸውን በኮምፒውተሬ ከፈትሁና ‹ፔኒሲሊን እንዳትነኪ› አልኋት። ቫይረሱንም ያመጣችው መዝሙር በምትሰማበት ፍላሿ እሷው ናት።»

«የእርስዎ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር?»

«አሁንም ይሠራል። ይዩት።»

አየች። ይሠራል። በሕንፃው ውስጥ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው አላምረው ካርድ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጧል። ስልኩ አሁንም አሁንም ይጠራል፤ አያነሳም።

«አንሳው እንጂ» አለችው።

«ከአይከል ከተማ ነው፤ አንድ መድኃኒት ቤት። እንዲሁ ነው የሆኑት። ከድብ ባሕርም ከአንድ ጽሕፈት ቤት ደውለዋል። ሁሉም አራት ሰዓት ላይ።»

«መቅደላዊት አይከል ትሄዳለች?»

«ኧረ እቴ፣ ምን ልታደርግ?»

«ታዲያ ሦስቱን ምን ያገናኛቸዋል?»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እኔ። የሁሉንም ሶፍትዌር ከአንድ ፍላሽ ነው የጫንሁት። አንዱን መጠገን ካወቅሁ ሁሉንም እጠግናለሁ ብዬ። ኮፒው ፈቃድ የለውም፤ ቫይረሱ ውስጡ ተደብቆ ቀኑን ሲጠብቅ ኖሯል መሰለኝ።»

«ስንት ቦታ ጭነሃል?»

«አሥራ ሰባት።»

«ሁሉም ደወሉ?»

«ያልደወሉት ገና ስላልከፈቱ ይሆናል።»

«የዶክተሩንስ ኮምፒውተር?»

ቀና ብሎ አያት። «እሱን ምነው ጠየቁኝ?»

የአላምረውን መልስ ከሰማች በኋላ ሁሉንም ወደ ካርድ ክፍሉ ጠራች።

«ፍላሹን እናስቀድም» አለች። «ቫይረሱ በመቅደላዊት ፍላሽ ገብቶ ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት አይከልንና ድብ ባሕርን ባልመታ። የነበረው ኮፒው ውስጥ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁሉም አብረው ወደቁ።»

«እንግዲያው አላምረውን ይውሰዱታ» አለ ዶክተሩ።

«እሱም ይጠየቃል። የእርስዎ ኮምፒውተርስ ከዚያው ፍላሽ አይደለም?»

«የእኔ አዲስ ነው።»

«አዲስ ነበር» አለ አላምረው ወለሉን እያየ። «ባለፈው ወር ‹እንደ ሌሎቹ አድርግልኝ› አላሉኝም?»

«ታዲያ ይኸው ይሠራል።»

«የሚሠራው ስለተጠገነ ነው» አለች የትነበርሽ። «አላምረው አምስት ሰዓት ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሮጠው በሽተኛ ወደሚታከምበት ክፍል አይደለም። የአለቃ ይቅደም ብሎ ፎቅ ወጣ። መዝገቡ ከተገለበጠበት መጠባበቂያ ዲስክ መለሰልዎ፤ እርስዎ ገና ስላልተመለሱም ሳይነግርዎ ወረደ።»

የዶክተሩ እጅ ክራቫቱ ላይ ቆመ።

«አራት ከሩብ ላይ ያ ኮምፒውተር እንደ ሌሎቹ ቀይ ነበር። ቢሮዎ ቢሆኑ ኖሮ ያዩት ነበር፤ ‹መዝገብ ከፈትሁ› ብለውም ባልነገሩኝ። ሌላ ቦታ ሆነው፣ ሳያዩ አዘዙ። ሲመለሱ ኮምፒውተሩን ደህና አገኙት፤ ቫይረሱ የእርስዎን የማረው መሰለዎት። መዝገቡን ያነበቡት ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው።»

ዶክተሩ ክራቫቱን አላላ።

«ማኪና እየነዳሁ ነበር፤ ወደ አዘዞ ስሄድ» አለ ዶክተሩ በመጨረሻ። «ስንቱን እንዲሁ በስልክ አዝዣለሁ። አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም።»

የትነበርሽ ወደ ነርሷ ዞረች። «ነገ ለምስክርነት ትመጫለሽ። የሚያስርሽ የለም፤ ሥራሽም ሥራሽ ነው።»

መቅደላዊት ተነሣች። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ አጠፈችና ወንበሩ ላይ አኖረችው።

«መቅዲ፣ ወዴት ነው?» አላት አላምረው።

በሩን ከፍታ ወጣች።