ቁልፉን የከለከልኩት ሰው

ላንድክሩዘሩ ደብረ ብርሃን ያለው ጋራዣችን ሲገባ ገና ከሩቁ ተናደድኩ። ከሥሩ ተሸካሚ ብረቱ ባሌስትራ ተጨምሮበት አንድ ስንዝር ተነሥቷል። ጣሪያው ላይ ስድስት ጀሪካን ውሃና ናፍጣ ተከምሯል።

«ማነው እንዲህ ያደረገልህ?»

«አዲስ አበባ ነው ያሠራሁት። አያምርም?» አለ ባለቤቱ ወርቅአገኘሁ። በማግስቱ እንግዶች ይዞ በአንኮበር ወደ አፋር ሊወርድ ነው።

«የሬሳ ሣጥንም ያምራል።»

ሳቀ። መሳቁ ይበልጥ አበሸቀኝ።

«እህት ዓለም፣ ዘይት ብቻ ቀይሪልኝ።»

መኪናውን በክሪክ አነሣሁት። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል የፍሬኑ ቱቦ እንደ ጅማት ተወጠረ። መኪናውን ከፍ ያደረጉት ሰዎች ቱቦውን በረጅም አልቀየሩትም።

«ንካው።»

ጣቱን አሳረፈበት። ፈገግታው ጠፋ።

«አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ከተንጠለጠለ ቱቦው ይበጠሳል። ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ትጨርሰዋለህ።»

«ነገ ጠዋት ካልተነሣሁ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ይስጡት! ቁልፉን አልሰጥህም።»

«ሴት ምን ታውቃለች» ብሎኝ የሄደ ብዙ ነው። እሱ ግን ጃኬቱን አወለቀ።

«ምን ላቀብልሽ?»

ቱቦውን በረጅም ቀየርን፤ ከተጨመረው ባሌስትራ ግማሹን አወጣን፤ ጀሪካኖቹን ከጣሪያው አውርደን ከመቀመጫው ኋላ አሰርን።

«አጠረ እኮ! ሾፌሮቹ ይስቁብኛል።»

«የሚሳቅበት በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ሄደ። ሦስት ቀን ስልኩ አልሠራም፤ በየሰዓቱ ሞከርኩ። በአራተኛው ቀን ጭቃ ለብሶ መጣ።

«መታጠፊያው ላይ ግመሎች መንገዱን ዘጉት። አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተንጠለጠለ። ፍሬን ረገጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ቆመ።»

ፊቴን አዙሬ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ምንም ሳይሆን በየሳምንቱ ጋራዥ መምጣት ጀመረ። ከወራት በኋላ ወርቅአገኘሁ፣ ለእኔ ትንፍሽ ሳይል፣ አባቴ መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ዘንድ ሽማግሌ ላከ። አባቴ «እሷን ሳትጠይቁ?» ብሎ መለሳቸው። ስሰማ ደሜ ፈላ። መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት።

«የምታገባው አባቴን ነው?»

«አንቺን መጠየቅ ፈርቼ ነው።»

«ያን ሁሉ ገደል የምትወርደው ሰውዬ?»

«ገደሉ አይቆጣም፣ ሔራን።»

ሳቄ አመለጠኝ። ስፖንጁን ጣለና እጁን በሱሪው አደረቀ።

«የምተነፍሰው በአንቺ ምክንያት ነው። ታገቢኛለሽ?»

«አዎ። አሁን ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ፤ አባቴ እየጠበቀ ነው።»