ሪባን ያልተሰፋለት ጋዋን

ሶሊ ገመዱን አንዴ ቋጠረችው። አላስተማመናትምና ደገመችው። ከወንበሩ ወርዳ አንጋጣ ስታየው፣ ንፋስ ሊጥለው ደርሶ የነበረው ባነር ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ባነሩ ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ቢኒ ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ወይን ጠጅ ሪባን አጋድሞ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደስ አለህ! የባይነሽ ጨርቃ ጨርቅ ኩራት» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን ነካሽ?» አለቻት እናቷ ሸዋገነት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «ትናንት በመቀስ ካልቆረጥኩት ስትይ አልነበር?»

«ይቆይ። ያምራል።»

ሸዋገነት ልጇን በጥርጣሬ አየቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ልጇ ስለ ቢኒ ጥርስ «ያምራል» የምትል ልጅ አይደለችም።

እውነትም ሶሊ ባነሩ እንዲያምር አልፈለገችም። እንዲቆይ ግን ፈልጋለች። እስከ እሁድ ድረስ ገዢውም ተሸካሚውም እንዲያየው፣ ሰዉ ሁሉ «እልል» እንዲልበት ፈልጋለች። ምክንያቱም ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር አውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋገነት መርካቶ ውስጥ፣ ከሸማ ተራ አለፍ ብሎ ባለ አሮጌ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምርቃት ጋዋን ትሰፋለች። የሚያሠሯት የግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሱቋ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በስሙ አይጠራም፤ በሪባኑ ቀለም ነው። «አረንጓዴው ደወለ ወይ?» «የብርቱካኑ ቆብ አለቀ?» ይባላል። ከሁሉም ብዙ ጋዋን የሚያዘው፣ የትምህርት ክፍያውም ከሁሉም የሚከብደው ወይን ጠጁ ነው። ቢኒ አካውንቲንግ የተማረው እዚያ ነው። እናቱ እትዬ ባይነሽ ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የጋዋኑን ጥቁር ጨርቅ ለሸዋገነት የሚያቀርቡትም እሳቸው ናቸው። ባነራቸው አንድ ጫፉ የሳቸው በር ላይ፣ ሌላው ጫፉ የነሶሊ መስኮት ብረት ላይ ታስሯል። ማንንም አላስፈቀዱም።

ባነሩ ግን የቂሙ መጀመሪያ አይደለም። የሶሊ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን፣ ከክፍሏ ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ስለነበረች ሸዋገነት ለፎቁ ሰው ሁሉ ለስላሳ አጠጣች። በኋላ የመንግሥት ምደባ ሲወጣ ሶሊ ሩቅ ያለው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። እትዬ ባይነሽ ይህን ሰምተው ሳቁ።

«ጂንካ?» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ኧረ እዚሁ አስቀምጫት ሸዋዬ! የጋዋን ሰፊ ልጅ ጋዋን ትሰፋለች እንጂ አትለብስም።»

ሰው ሳቀ። ሸዋገነትም ፈገግ አለች። ጨርቅ የምትወስደው ከሳቸው ነው፣ ምን ታድርግ? ሶሊን ከስድቡ ይልቅ ያንገበገባት ያ የእናቷ ፈገግታ ነው። እንባ እንዳይመጣ በር የሚዘጉበት ዓይነት ፈገግታ ነበር።

ያን ዕለት ሶሊ ማለች። ጂንካ አትሄድም። ወይን ጠጁ ትገባለች። ስትመረቅ ከቢኒ በእጥፍ የሚበልጥ ባነር አሠርታ እትዬ ባይነሽ በር ላይ ታሰቅላለች፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የሷን ጥርስ ይሆናል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ» አለቻት እናቷ። «ቂም ይዞ ትምህርትስ ይሆናል?»

«ለቂም አይደለም። ካንቺ እንዳልርቅ ብዬ ነው።»

ሸዋገነት አላመነችም፤ እምቢም አላለች። ለወይን ጠጁ ክፍያ ብላ አዲሱን የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋን ለጎረቤቷ ሰፊ ለጋሼ ኢስሀቅ ልትሸጥ ተስማማች። ቅዳሜ ይወስዱታል። ለሷ በእግር የምትረገጠው አሮጌዋ ትቀራለች። ሶሊ ይህን ስትሰማ ሆዷ ባባ። ቂሟ ግን ከሆዷ በለጠ።

ታዲያ ትናንት ከሰዓት የወይን ጠጁ ዕቃ ገዢ ደወለና «ከታዘዘው ጋዋን ግማሹን ተይው፤ የተመራቂው ቁጥር ቀንሷል» አለ። ተቆርጦ ያለቀ ጥቁር ጨርቅ መደርደሪያው ላይ እንደተከመረ ቀረ። ሸዋገነት ተናዳ ክር ልትገዛ እንደወረደች ቢኒ በፌስታል የጠቀለለውን ጋዋን ይዞ ሹልክ ብሎ ገባ።

«ሶልዬ፣ ይሄ እናንተ ጋ ይቆይ። ማዘር ከጠየቀችሽ እያሳጠርነው ነው በያት።»

«ረዝሞብህ ነው?»

«አልረዘመም።» ወደ ማዶ ሱቅ ሰረቅ አድርጎ አየ። «የመውጫ ፈተናውን ወድቄያለሁ። እሱን ካላለፍሽ አትመረቂም። እናቴ አታውቅም፤ በጉ ሁሉ ተገዝቷል። እስከ እሁድ እነግራታለሁ። ባክሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እኔ? ለማንም!» አለች ሶሊ ማር በሆነ ድምፅ። ሆዷ ውስጥ ግን ሠርግ ነበር።

ባነሩን ሁለቴ የቋጠረችው ለዚህ ነው። እሁድ ጠዋት፣ የፎቁ ሰው ቢኒን ሊያጅብ ሲሰበሰብ፣ ጋዋኑን ይዛ መሀል ትገባለች። የምትለውን ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ስትተክልም፣ ቆብ ስትጠቀልልም ተለማምዳዋለች፦ «እትዬ ባይነሽ፣ ጋዋኑን አምጥቻለሁ። ቢኒ ስላልተመረቀ ግን ለማን ልስጠው?»

ጋሼ ኢስሀቅ ባነሩን ባዩት ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ሳይመረቅ ተሰቀለ እኮ! ሳይገድሉ ጎፈሬ!» ይላሉ። ሶሊ በልቧ፣ ጋሼ ኢስሀቅ ትንሽ ይታገሡ፣ ትላለች።

ሐሙስ ዕለት ወይን ጠጁ ጋ ልትመዘገብ ስትወርድ ቢኒን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከታች የታክሲ ረዳቶች «አማኑኤል! አማኑኤል!» ይላሉ፤ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ በጎኑ ያልፋሉ። ንቅንቅ አላለም።

«ለምን አትወጣም?»

«እዛ ባነር ሥር ማለፍ አቅቶኝ። ሼም ነው።»

ሶሊ ልትስቅ ነበር፤ ይልቁንም ቁስሉን ነካካችው። «ግን አራት ዓመት ሙሉ ተምረህ እንዴት ትወድቃለህ?»

ቢኒ አልተቆጣም። «አራት ዓመት ማንም ምንም አልጠየቀኝም። አስተማሪ ይቀራል፣ ሞጁል ይሰጡናል፣ ፈተናው ከሞጁሉ ይወጣል፣ ኤ አመጣለሁ። ደስ ብሎኝ ከረንቡላ ቤት እውል ነበር። የመውጫ ፈተና ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ሁሉንም ባንዴ ጠየቀኝ።» ከዚያ ቀና አለ። «አንቺስ የት ልትሄጂ ነው?»

«ልመዝገብ። ወይን ጠጁ።»

«በእናቴ ንዴት ነው አይደል? ነቄ ነኝ። የዛን ቀን ቆሜ ሰምቻታለሁ።» ፊቱን በእጁ አሸ። «ሶሊ፣ ልፎግርሽ አልችልም። ከኛም ክፍል ያለፉ አሉ፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያጠኑ ናቸው። ጥሩ የግል ዩኒቨርሲቲም አለ፤ የአክስቴ ልጅ ከአንዱ ወጥታ ባንክ ገብታለች። ግን ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ አምና ካስፈተኑት ስንቱ እንዳለፈ። ደስ ብሏቸው ከነገሩሽ ግቢ። ካልነገሩሽ ላሽ በይ።»

ሶሊ ደረጃውን ወረደች። የሚመክራት የወደቀ ሰው መሆኑ አናደዳት። የበለጠ ያናደዳት ግን ምክሩ ትክክል መሆኑ ነው።

ወይን ጠጁ ጋ ወለሉ መልክ ያሳያል። ፀጉሯን አሳምራ የተሠራች ልጅ ገና ከበር በፈገግታ ተቀበለቻት፤ ብሮሹር ሰጠቻት፣ እስክርቢቶ ሰጠቻት፣ ኮፍያ ጨመረችላት። ሶሊ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«የመውጫ ፈተና?» አለች ልጅቷ። ፈገግታዋ አልጠፋም፤ ደረቀ እንጂ። «እሱን... ለጊዜው ለውጭ ሰው አንሰጥም። ግን ካምፓሳችንን አይተሽዋል? ካፌያችንን?»

ሶሊ ካፌውን አላየችም። ኮፍያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስክርቢቶውን ግን ይዛው ሄደች። በታክሲ ስትመለስ መደርደሪያው ላይ የተከመረው ጥቁር ጨርቅ ዓይኗ ላይ መጣባት። እያንዳንዱ ቁራጭ በጉ የተገዛለት አንድ ቢኒ ነው። ለእናቷ ግን ምንም አልተናገረችም። ወይን ጠጁን ተወች ማለት ጂንካ ልትሄድ ነው፣ እትዬ ባይነሽም እንደሳቁ ሊቀሩ ነው። ይህን መዋጥ አልቻለችም። ቢያንስ እሁድ ይድረስ አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ጋሼ ኢስሀቅ ተሸካሚዎች አስከትለው መጡ። ሸዋገነት መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ በጨርቅ እየወለወለች ነው። መርፌው አካባቢ ያለውን አቧራ በትንፋሿ እፍ ትላለች። ሶሊ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች። ያኔ እትዬ ባይነሽ ከማዶ ሲሻገሩ አየቻቸው፤ ቢኒ ከኋላቸው ይጎተታል።

«በሉ ጋዋኑን አምጡ፤ ነገ ነው እኮ!» አሉ ገና ሳይገቡ። «ሳምንቱን ሙሉ ማሳጠር ምንድን ነው? ወይስ ልጅቷ እየለካችው ነው?»

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። በየበሩ ያሉ ሰፊዎች ለመስማት መኪናቸውን አቆሙ። ለምን እሁድ ትጠብቃለች? ሰዉ እዚሁ ሞልቷል። ሶሊ ጋዋኑን ከማንጠልጠያው አወረደች። ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ቢኒን አየችው። አይለማመጣትም፤ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው መሬት መሬት ያያል። ደረጃው ላይ «ወይን ጠጁ አሪፍ ነው፣ ግቢ» ቢላት ኖሮ ስለ ከረንቡላ ቤቱ ሳያወራ ገመናውን መሸፈን ይችል ነበር። አላደረገውም። ያን ሁሉ ሲለማመድ የከረመ አፏ እምቢ አላት። ለእትዬ ባይነሽ ብሎ ሳይሆን ለቢኒ ብሎ ነው እምቢ ያላት።

«ስጪኝ እንጂ!» እትዬ ባይነሽ እጃቸውን ዘረጉ።

ሶሊ አልፋቸው ሄዳ ጋዋኑን ለቢኒ አስታቀፈችው። «ንገራቸው» አለችው ቀስ ብላ። «ካንተ አፍ ይሻላል።»

ቢኒ ጋዋኑን አቅፎ ቆመ። «እማዬ፣ ነገ አልመረቅም። የመውጫ ፈተናውን ወድቄያለሁ።»

እትዬ ባይነሽ ልጃቸውን አዩ፤ ባነሩን አዩ፤ በየበሩ የቆመውን ሰው አዩ። ሶሊ ስትጠብቀው የከረመችው ጣዕም መጣ። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ጣፈጣት። እንኳን ደረሰብዎ ልትልም ቃጥቷት ነበር። ከዚያ እትዬ ባይነሽ ያገኙት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ለሰዉ ፈገግ አሉ። ሶሊ ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። እናቷ ፊት ላይ አይታዋለች። ጣዕሙ አፏ ውስጥ መረረ።

ወንበር ስባ ወጣችና ገመዱን መፍታት ጀመረች። የራሷ ቋጠሮ እምቢ አላት፤ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። ባነሩ በግማሽ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቢኒ ሌላውን ጫፍ ሊፈታ ወጣ።

«አንቺም እዚያው ልትገቢ ነው ሲሉ ሰማሁ» አሉ እትዬ ባይነሽ ቀና ሳይሉ።

«አልገባም። ጂንካ ነው የምሄደው።»

እትዬ ባይነሽ አልሳቁም። የሸዋገነት መወልወያ ጨርቅ መኪናው ላይ ቆመ። ሶሊ ወደ ጋሼ ኢስሀቅ ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪናው አይሸጥም።»

«እሰይ!» አሉ ጋሼ ኢስሀቅ፤ ተሸካሚዎቹን በእጃቸው ወደ ደረጃው እየመለሱ። «እኔስ ዛሬ መኪና ልወስድ መጥቼ የሰው እጅ ቆርጬ የምሄድ ነበር የመሰለኝ።»

ሰዉ ወደየመኪናው ሲመለስ ሸዋገነት በሹክሹክታ «ሩቅ ነው እኮ» አለች።

«አውቶቡስ ተራ እዚሁ አጠገባችን አይደል?»

ሶሊ ይቅር አላለችም። ያቺ የእትዬ ባይነሽ ንግግር አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለች፤ መቼም የምትወጣ አይመስላትም። ወደ መደርደሪያው ሄዳ ከተከመረው ጥቁር ጨርቅ አንዱን የተቆረጠ ጋዋን መዘዘች፤ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ለካችው። ጨርቅ የሚያሰምሩበትን የሳሙና ቁራጭ አንስታ ከውስጥ በኩል በነጩ «ሶሊ» ብላ ጻፈችበት። አጥፋ ከሁሉም በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

«የማን ነው?» አለች እናቷ።

«የኔ። ስመጣ ራሴ እሰፋዋለሁ።»

ሸዋገነት መኪናዋን አስነሳች። «ሪባኑስ ምን ይሁን?»

«የጂንካን ቀለም ገና አላወቅኩትም» አለች ሶሊ። «ስደርስ ደውዬ እነግርሻለሁ።»