የበራሪው ሰውዬ ካባ

ሃያ ዓመት ያለፋት ልጄ ሚስኪ የሹራቧን ቁልፎች አዛንፋ መቆለፏን ያየሁት ከግቢ ወጥታ መንገዱን ካጋመሰች በኋላ ነው። ጠርቼ እንዳላስተካክልላት ራቀችብኝ። ወደ ቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ለማየት እንዲህ መቸኮል ምን ይሉታል? ልቤ ፈራ።

ስትመለስ ከሰፈራችን ከወይዘሮ ከበደች ወጣት ልጅ ከአምሐ ጋር አጥር ጥግ ቆመው ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ከፎቁ ሲዘል ጓንት አድርጎ ነበር» አለች።

«መሬት ሲደርስ ግን እጁ ባዶ ነው። የግድግዳውን ሰዓትስ አየሽው?»

«አራት ሰዓት። ሰዎቹን አስሮ ሲመለስም ያው አራት!»

«ቀስ በይ፣ እናትሽ እንዳይሰሙ።»

ፎቅ፣ ጓንት፣ የታሰሩ ሰዎች! ወንድሜ ጌታሁንም እንዲሁ ከጓደኞቹ ጋር ሲንሾካሾክ ከርሞ፣ አንድ ማታ ወታደሮች በር አንኳኩተው ወስደውት በዚያው ቀርቷል።

ወጣሁ። «አምሐ፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

«እትዬ ተሻለች፣ እኛ እኮ...»

«አልሰማም!»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሚስኪ እያለቀሰች፣ የሚያወሩት በየቅዳሜው ስለሚታየው ተከታታይ ፊልም፣ ስለዚያ በራሪ ጀግና እንደሆነ ነገረችኝ። ፊልም ሠሪዎቹ የሳቱትን ማን ቀድሞ እንደሚያይ ይፎካከራሉ።

«ሰው ለዚህ ይንሾካሾካል?» አልኳት።

ወደ ጓዳ ገባች። ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን አልፈታችልኝም።

ቅዳሜ ተከትያት ሄድኩ። አምሐ ቃሌን አክብሮ፣ ከእኛ ርቆ በሩ አጠገብ ቆሟል። እነሱን እጠብቃለሁ ብዬ ሳላስበው ፊልሙ ወሰደኝ። ሰውዬው ወንዝ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ሕፃን አወጣ።

«እንዴ! ካባው ደርቋል!» ብዬ ጮህኩ። «አሁን ከውኃ የወጣ ሰው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እማማ፣ ጀግና እኮ ነው፤ ፀሐይ በኪሱ ይዞ ይዞራል!» አለ አንዱ።

ሚስኪን ዞሬ አየኋት። ካባውን አላየችም። አምሐም አላየም። በሰው ራስ ላይ አሻግረው ሲተያዩ አምልጧቸዋል። ለካ ጓንቱም ሰዓቱም አብሮ መቆሚያ ሰበብ ኖሯል።

ስንወጣ ጠራሁት። «ና አብረኸን ሂድ፤ መንገዱ ጨለማ ነው።»

ቤት ስንደርስ ከደጅ ቆሞ ቀረ።

«ግባ እንጂ!»

«አትርገጥ ብለውኛል።»

«ብዬ ነበር። አሁን ግባ እያልኩህ ነው።»

አልገባም። መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ ተሻለች፣ ሽማግሌ ብልክ ይመልሱብኛል?» አለ።

ሚስኪ ትንፋሿን ያዘች። ለውትድርና ቢወስዱትስ? እናቱ ባትወዳትስ? ልጄ በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን ብትቀርስ? ክፉው ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ። ከዚያ ፊቷን አየሁ።

«ይምጡ» አልኩ። «ግን በቀን ይምጡ። በማታ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ።»

ሳቀ። ሚስኪም ከሳምንት በኋላ ሳቀች። ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በሚወስደው መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ደጅ ቆማ ሸኘችው፤ እኔም አላጣደፍኳትም። ስትገባ በሩን ቀረቀርኩት።